ሰባተኛው ክፍል

እንደምን ዋልክ ወዳጄ። አይ፣ አትቁም፣ ሥራህን ሥራ። እኔ አልቸኩልም፤ እዚህች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ይሄ ዝናብ ደግሞ ምን ሆኗል? ጃንጥላ ይዤ ስወጣ ይጠፋል፣ ቤት ትቼው ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል። … መስታወቱን ቀየርከው እንዴ? ደግ አደረግህ። የድሮው መስታወት ሰውን ያወፍር ነበር። እኔ እሱን አምኜ ስንት ዓመት እራቴን ቀንሻለሁ።

ደንበኛህን ሰላም ልለው ነበር፣ ግን ፊቱ በሙሉ አረፋ ነው፣ ዓይኑ ላይ ፎጣ ጣል አድርገህበታል፣ ምላጩም ጉሮሮው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሰላምታ እመልሳለሁ ብሎ አንድ ነገር ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነው። አንቱ ልበለው ወይስ አንተ፣ እሱንም አላወቅኩም፤ ዕድሜው ከአረፋው ሥር ነው ያለው። ለጊዜው አንተ ይሁን። ጫማው ግን ያምራል። ይሄን የመሰለ ጫማ ያደረገ ሰው ዛሬ ትልቅ ጉዳይ አለው ማለት ነው።

ያቺ ቧንቧህ አሁንም ትንጠባጠባለች? እኔ እኮ ባለፈው ወር ስመጣም እንዲሁ ነበረች። ጠጋኝ ጠፋ? … ጠጋኝ ስል ምን ትዝ አለኝ መሰለህ፤ ያ የቴሌቪዥን ድራማ። ሦስቱ ጠጋኞች የነበሩበት። አንዱ ቧንቧ፣ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ አንዱ በርና መስኮት የሚሠሩ፤ መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚቀጥራቸውን ሰው የሚጠብቁ፤ በየሳምንቱ አንድ ቤት ገብተው አንድ ነገር ጠግነው ሁለት ነገር ሰብረው የሚወጡ። አስታወስከው አይደል? አንተም እኮ ዓርብ ዓርብ እሱን ለማየት ሱቅህን ቀደም ብለህ ትዘጋ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሞላው፣ ታምናለህ?

ሰባት ሳምንት ብቻ ታይቶ ቀረ። ሰባት። አሁን ደግሞ ሊመለስ ነው። አሥራ ሦስት አዳዲስ ክፍሎች ይኖሩታል፣ ውሉም የሚፈረመው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከራሴ አላመጣሁትም፤ ይኸው ጋዜጣው ላይ፣ ገጽ ስምንት። የደራሲው ፎቶም ወጥቷል። ፂማቸው ትንሽ አድጎ ነው የተነሱት። መቼም ለፊርማው ሳይላጩ አይሄዱም።

… ቀስ በል ወንድሜ። ደንበኛህ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

እኔ መቼም ስለ ሰው ክፉ መናገር አልችልበትም። ስማቸውንም አላነሳም። ስም መነሳቱን አይወዱም፤ በተለይ የሌላ ሰው ስም። ግን የጥንት ወዳጄ ናቸው፣ እና ዛሬ ያልተደሰትኩላቸው መቼ ልደሰትላቸው ነው?

ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው። ተደራራቢ አልጋ ነበር፤ የላይኛው የሳቸው፣ የታችኛው የኔ። ጎበዝ ነበሩ ስልህ። ማንበብ አይወዱም ነበር፣ ግን ካነበበ ሰው አጠገብ መቀመጥ ይወዱ ነበር። ይሄ ቀላል ችሎታ እንዳይመስልህ። እኔ ለአንድ ፈተና ሦስት ሳምንት አጠናለሁ፤ እሳቸው ጠዋት ቁርስ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁኝና ሄደው ከኔ እኩል ያመጣሉ። ታዲያ ከሁለታችን ጎበዙ ማን ነው? እኔ እስከ ዛሬ እሳቸው ናቸው እላለሁ።

ከዚያ ተመረቅን። እሳቸው ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ አጎት ነበራቸው። እኔም አጎት ነበረኝ… የኔው ግን ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሁለታችንም በየአጎቶቻችን በኩል ሥራ አገኘን።

ተውኔት መጻፍ ተምሬ፣ ዲግሪዬን እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የአጎቴን የዕቃ ቦርሳ ተሸከምኩልህ። አጎቴና ሁለት ጓደኞቹ የቀለምና የምስማር መሸጫው ጥግ ላይ መፍቻቸውን፣ መጋዛቸውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦአቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሰው መጥቶ በራችን አልገጥም አለ፣ መብራታችን ጠፋ ይላል፤ ተነስተን እንሄዳለን። አንድ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ጠጋኝ ቤት ሲገባ የቤቱ ሰዎች እንደ ሰው አይቆጥሩትም። ባልና ሚስት ፊቱ ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ እህት ስለ እህቷ ትናገራለች፣ እሱ ግድግዳውን እየቦረቦረ ሁሉንም ይሰማል። አጎቴ ሰምቶ ይረሳዋል። እኔ አልረሳም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ በሰማያዊ ደብተር እጽፈዋለሁ።

አንድ ልማድ አላቸው መቼም፣ ጠጋኝ ሁሉ አለው። ብልሽቱን ከመንካቱ በፊት እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ይሄን ማን ነው የሠራው ብሎ ይጠይቃል። ከሱ በፊት የሠራውን ሰው ሳይሰድብ ሥራ የጀመረ ጠጋኝ አይቼ አላውቅም። አጎቴ አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ወጥ ቤት ገባና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ጎንበስ ብሎ ከሱ በፊት የሠራውን ሰው በስድብ ወረደበት። ይሄ ሰው አናጢ ነው እንጂ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም አለ፤ የተማረውም ከጠላቱ ነው አለ። ሴትየዋ ሰድቦ እስኪጨርስ ጠበቀችውና አምና አንተ ነህ የሠራኸው አለችው። አጎቴ እንደ ጎነበሰ ቀረ። እኔ መፍቻውን ይዤ ቆሜያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከሥር ምን የሚል ድምፅ ቢመጣ ጥሩ ነው?

«ለዚህ ነዋ እስከ ዛሬ የቆየው።»

ሳቅህ እንዴ? እጅህን ጠበቅ አድርገው፤ የሰው ጉሮሮ ነው። አዎ፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ያየሃት እሷን ነው። ከተማው ሁሉ የሳቀባት። ያኔ ጋዜጠኛው ይህችን ትዕይንት ከየት አመጧት ብሎ ደራሲውን ጠይቋቸው ነበር። ገላዬን ስታጠብ ነው የመጣችልኝ አሉ። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም አይክደውም። አጎቴ ወጥ ቤት ጎንብሶ፣ ለእሳቸው መታጠቢያ ቤት መምጣቱ ነው የገረመኝ።

አራተኛውስ? ያ ሽማግሌ ትዝ ይልሃል፣ በየወሩ የገዛ ቤቱን ሶኬት እየነቀለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የሚያስጠራው፣ የሚያናግረው ሰው ስለሌለው። ጠጋኙም ነገሩ ገብቶት ሲወጣ ሁልጊዜ አንዲት ብሎን አላልቶ የሚተወው። ያንን ሽማግሌ እኔ አውቀዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ስንት ወንበር እንዳለ እነግርሃለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንደኛው ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ታዲያ አንድ ጸሐፊ በጋዜጣ ላይ ይህን የጻፈ ሰው ብቸኝነትን በደንብ የሚያውቅ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። እሳቸው ተቆጡ አሉ። እኔ ብዙ ወዳጅ ያለኝ ሰው ነኝ አሉ። እውነት ነው፤ ወዳጅ ባይኖራቸው ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር?

ደብተሮቹ እንዴት እሳቸው ጋ ደረሱ ትላለህ። አልጠየቅከኝም? እንደ ጠየቅከኝ ቁጠረው። ስድስት ደብተር ሲሞላ ይዤ ጣቢያው በር ላይ ሄድኩ። ዘበኛው ሱሪዬ ላይ ያለውን ሲሚንቶ አይቶ የሠራተኛ መግቢያ በጀርባ ነው አለኝ። እሳቸው ግን ድምፄን ሲሰሙ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉኝ። ደብተሮቹንም ተቀበሉኝ። በኮምፒውተር እኔው እመታዋለሁ፣ አንተ አትድከም አሉ። በሁለት ጣት ነበር የሚመቱት፤ ሁለት ወር ፈጀባቸው። አስበው፤ አንድ ሰው አንድን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ሁለት ወር ሲለቅም ከርሞ በመጨረሻ የኔ ነው ብሎ ቢያምን ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድም። ስሜስ ስላቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣

«ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ኋላ እናስተካክለዋለን» አሉኝ።

ቃላቸውን አላጠፉም። መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ደራሲና አዘጋጅ፣ እሳቸው። ከዚያ ተዋንያኑ፣ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ልብሱ። ከዚያ ምስጋና የሚል አለ። ከምስጋናውም መጀመሪያ ሶፋ ያዋሰው ሱቅ፣ ቀጥሎ ግቢዋን የፈቀደችው ሴትዮ፣ ከሷ በታች እኔ። ሶፋው ይቀድመኛል። አልቀየምኩም፤ ሶፋው ሁሉም ክፍል ላይ ታይቷል፣ እኔ የት ታየሁ?

ደግሞ ከሶፋው በታች መሆን ምን ችግር እንዳለው ታውቃለህ? ዜና። ከድራማው ቀጥሎ ዜና ነበር፤ ስሞቹ ሽቅብ መውጣት ሲጀምሩ የዜናው ሙዚቃ ይገባና ይቆርጣቸዋል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የኔን ስም ግን መልኩን ታውቀዋለች፣ ዲግሪው ላይ አጥንታዋለች። ዓርብ ዓርብ ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ወንበር ተውሳ፣ ቆዩ አትነሱ፣ አሁን የልጄ ስም ይመጣል ትላለች። ይሳቃል፣ ይወደዳል፣ ያልቃል። ስሞቹ ይጀምራሉ… ሶፋው ይደርሳል… ሙዚቃው ይገባል። ጎረቤቶቿም ጨዋ ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይላሉ። ሰባት ሳምንት እንደዚያ ነው ያለፈው። ስምንተኛ ሳምንት ደግሞ አልመጣም።

ለምን አልመጣም? እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። የሰጠኋቸው ደብተሮች ስድስት ነበሩ፤ ክፍሎቹ ሰባት። ሰባተኛው የራሳቸው ነው፣ ከሥር እስከ ላይ። ማንም ተነስቶ ሰባተኛውን አልጻፉም ቢል ቀድሜ የምከራከርላቸው እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት እቆምላቸዋለሁ።

አየኸው አይደል? ቧንቧ ሠራተኛው አንዲት ቆንጆ ሴት ቤት ይገባል። አቀማመጡን አሳምሮ ከማጠቢያው ሥር ይገባል። ዋናውን ውሃ አልዘጋም። ዋናውን ውሃ ሳይዘጋ ቧንቧውን ለሁለት ፈታልህ… አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከዚያ የተፈታውን ቧንቧ እንደ ድምፅ ማጉያ ይዞ ስለ ሰው ልጅ ድካም መናገር ጀመረ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ሰዓቴን አይቻለሁ። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሲያይ ሲስቅ ከወንበር ይወርድ የነበረ ሰው፣ ያን ቀን ዝም ብሎ አየውና ቀስ ብሎ፣ ከማጠቢያ ሥር ሆኖ ይሄን ያህል አፉን የከፈተ ሰው እስካሁን ሰጥሟል አለኝ።

በማግሥቱ የከተማው ቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ለጣቢያው ደወለ አሉ። ለመሳደብ አይደለም። ሲፈታ የማያፈሰው ቧንቧ የት እንደሚሸጥ ለመጠየቅ ነው። ሳምንት ሳይሞላ እሳቸው ድራማው በቴክኒክ ምክንያት ተቋርጧል አሉ። እስከ ዛሬ እውነት የተናገሩት እሷን ብቻ ነው።

… ቆረጥከው? የት ጋ? ትንሽ ናት፣ ጥጥ ያዝበት። እኔ ነኝ በወሬ ያጠፋሁህ። ደንበኛህም እኮ መንጋጋውን አጠንክሮታል፤ ዘና ይበል፣ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እና ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት አንድ መስመር አልጻፉም። ይሄ ጥንቃቄ ይባላል። ስብሰባ ይመራሉ፣ ሽልማት ይሰጣሉ፣ ወጣት ደራሲያንን ያስተምራሉ። የእህቴ ልጅ እሳቸው ጋ ሥልጠና ወስዳ ነበር። ዋናው ምክራቸው ከሕይወት ጻፉ የሚል ነው አለችኝ። የማን ሕይወት እንደሆነ ግን ለተማሪው ነው የተዉት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአክስታቸው ልጅ ቤቴ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ሰላም ብለውሃል አለች፣ ሁልጊዜ ያነሱሃል አለች። ለመሆኑ ያኔ የጻፍካቸው ሌሎች ደብተሮች ቤትህ አሉ ወይ አለች። እኔም አሉ አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ስዞር ስድስት ታሪክ ብቻ ነው እንዴ ያየሁት? አሥራ ሦስት አይደለም፣ ሃያ ክፍል ይወጣቸዋል። እንግዲያው ደብተሮቹን ላክልን፣ ስምህ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው ላይ ይወጣል አለች፣ አማካሪ ተብሎ። ደራሲው መቼም ይታወቃል አለች።

እዚህ ላይ ምንም ነገር አላዞርኩም፣ እንዳለ ስማኝ። እሺ ልል ነበር። የእናቴ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ በግልጽ ነግሮኛል፤ ከዚህ ዓመት በኋላ ጥላ እንጂ ፊት አታይም አለኝ። ፊደል ደግሞ ከፊት ያንሳል። ስሜን እዚያ ላይ የምታይበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው። አማካሪም ይሁን፣ ከሶፋው በታችም ይሁን፣ አንድ ጊዜ ትየው አልኩ። ደብተሮቹን በፌስታል አድርጌ እናቴ ዘንድ ሄድኩ፤ በማግሥቱ ለልጅቷ ላስረክብ።

ነገርኳት። መልኩን የምታውቂው የልጅሽ ስም ከመጀመሪያው ላይ ሊወጣ ነው አልኳት። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። አማካሪ ምንድን ነው አለችኝ። ምክር የሚጠየቅ ሰው ነው አልኳት።

«ጠይቆህ ያውቃል?»

አያውቅም አልኳት።

«ታዲያ ጎረቤቶቼን ምን ብዬ ልጥራ?»

ዓይንሽ እኮ ነው እማዬ፣ ጊዜው እያለፈ ነው አልኳት። እጇን ዘርግታ ፌስታሉን ከጉልበቴ ላይ አነሳችና ከጎኗ አስቀመጠችው። ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፣ እሱን ለማወቅ ቴሌቪዥን አያስፈልገኝም አለች። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ ደብተሮቹን ዲግሪው ላይ ደረደረቻቸው፣ ዘጋች፣ ላዩ ላይ ተቀመጠችና ሹራብ መሥራቷን ቀጠለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ሳጥን ላይ የሚያስነሳት ሰው ካለ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ለልጅቷ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ከፊርማው በፊት አሳውቅሻለሁ ብያት ነበር፣ እሳቸውም እሱን ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት አሉ። መንገዱን ሳስበው ግን ለምን ልድከም አልኩ። ወሬ ፀጉር ቤት ከገባ ደረሰ ማለት አይደል?

ባይፈርሙስ ትላለህ? ይፈርማሉ እንጂ። ጋዜጣ ላይ የወጣ ሰው፣ ይሄን የመሰለ ጫማ አድርጎ… ይቅርታ፣ ጫማው የደንበኛህ ነው፣ ተምታታብኝ። ፈርመው በወሩ የመጀመሪያውን ክፍል ያስረክባሉ፤ ውሉ እንደዚያ ይላል። ጣቢያው በዚህ ጊዜ ጠንቀቅ ብሏል። አንድ ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት እንዲያነብ ቀጥረዋል። ማንን እንደሆነ አልነግርህም፤ ዘመዱን አሞገሰ ትለኛለህ።

አረፋውን ልታጥበው ነው? እንግዲያው ጋዜጣዬን ፊቴ ላይ ከፍ ላድርግ። የማላውቀውን ሰው ፊት አፍጥጦ ማየት ነውር ነው፤ የማውቀው ከሆነ ደግሞ ሰላም ልለው ነው። ፎጣውን ስጠው። ኮቱንም አቀብለው፣ ሰዓቱ ደርሷል። አንተም እዚያው ቁም፤ አሁን አፉ ነፃ ስለሆነ ደንበኛህም አሜን ሊለን ይችላል።

እኔ ለእኚያ ወዳጄ የምመኝላቸው መልካም መልካሙን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ጤናውን፣ ዕድሜውን ይስጣቸው። ብዕራቸውን ያለምልምላቸው። ጣቢያው ከተቆረጠላቸው ቀን አንዲት ቀን አያዛንፍባቸው። ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር ቁጭ ብሎ ይይላቸው። ከእንግዲህ የማንም እጅ አይግባባቸው፣ የማንም ስም ከስማቸው አጠገብ አይቁምባቸው። አሥራ ሦስቱንም ክፍል፣ ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ፣ ብቻቸውን፣ በገዛ እጃቸው ለመጻፍ ያብቃቸው።